አስም ያለበት ሰው ይቀመጥ ወይስ ይራመድ?
(በቅሬአችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ቅሬ የሞተውን ለመቅበር ብቻ አልተቋቋመም፤ በሕይወት ያለውንም ይደግፋል። ስለዚህ ዛሬ ልንናገር የፈለግነው በመካከላችን ስላሉት የአስም ሕመምተኞች ነው። የማሽላ ውቂያ ሲደርስ ብናኙ ይነሣል፤ በየማጀቱም የኩበትና የጭራሮ ጭስ አለ። ያን ጊዜ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ደረቱ ሲር ሲር የሚለው ሰው ጥቂት አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 አስም ያለበት ሰው 262 ሚሊዮን ነበር፤ በዚያው ዓመት 455,000 ሰው በዚሁ ሕመም ሞቷል።

እንዲህ ያለውን ሰው ጎረቤት ሁሉ «አርፈህ ተቀመጥ፣ አትድከም» ይለዋል። ለደግ ተብሎ ነው። ነገር ግን የተቀመጠ ሰው ጡንቻው ይላላል፤ የላላ ጡንቻ ደግሞ ለትንሽ ሥራ ብዙ ትንፋሽ ይጠይቃል። ገበያ ደርሶ መመለስ ያቅተዋል፤ ይፈራና እንደገና ይቀመጣል። መቀመጡ ድካሙን፣ ድካሙ መቀመጡን ይወልዳል ማለት ነው።

ለዚህ የሚሆን ሕክምና አለ፤ የሳንባ ተሐድሶ ይባላል። ሕመምተኛው ከ6 እስከ 12 ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ያህል፣ በባለሙያ እየታየ ይራመዳል፤ ጡንቻውን ያጠነክራል፤ አተነፋፈስና የመድኃኒት አወሳሰድ ይማራል። ይህ አገልግሎት ግን በአገራችን ገና አልተስፋፋም። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እንኳ የሳንባ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን ማሠልጠን የተጀመረው በ2005 ዓ.ም. ነው። ታዲያ እስኪደርሰን እጃችንን አጣምረን እንቀመጥ? ኧረ አይሆንም! መራመድ እኮ ሕንፃ አይጠይቅም።

አንደኛ፣ መድኃኒቱ ይቅደም። እርምጃ መድኃኒትን አይተካም። በአፍ ከሚሳቡት ውስጥ ሳልቡታሞል የጠበበውን የአየር ቧንቧ ቶሎ ይከፍታል፤ የቧንቧውን እብጠት ግን አያበርድም። እብጠቱን የሚያበርደው ቤክሎሜታዞንን የመሰለው ነው፤ እሱም ሐኪም እንዳዘዘው በየቀኑ፣ ደኅና በሆኑም ጊዜ ይወሰዳል፤ ከዚያ በኋላ አፍን መጉመጥመጥ ነው። «ሱስ ያስይዛል» የሚባለው ሐሰት ነው።

መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ እንዳይቀር የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ይረዳል። ንጹሑን ፕላስቲክ ከቂጡ በኩል በመድኃኒቱ አፍ ልክ መብሳት፣ ዙሪያውን አየር እንዳያስወጣ በፕላስተር ማሸግ ነው። የፕላስቲኩን አፍ በከንፈር ይዞ አንድ ጊዜ መጫን፣ አምስት ስድስት ጊዜ ቀስ ብሎ መተንፈስ። በደቡብ አፍሪካ የኬፕታውን ሐኪሞች ይህን በልጆች ላይ ፈትነው፣ የታሸገው ፕላስቲክ ከፋብሪካው ዕቃ እንደማያንስ እ.ኤ.አ. በ1999 አስታውቀዋል።

ሁለተኛ፣ አካሄዱ። ሐኪም ከፈቀደ በኋላ በ5 ደቂቃ ይጀመር፤ በየሳምንቱ ትንሽ እየተጨመረ 20 ወይም 30 ደቂቃ ይድረስ። የጎብዬ ሜዳ ለእግር የተመቸ ነው፤ ቀትሩ ግን ስለሚያቃጥል ማለዳ ይሻላል። መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ዝግ ማለት ነው። ልኩ፣ እየሄዱ ማውራት መቻል ነው። ትንፋሽ ሲያጥር በአፍንጫ ስቦ፣ ትኩስ ቡና እፍ እንደሚል ሰው ከንፈርን አሞጥሙጦ ቀስ ብሎ ማስወጣት። ሳልቡታሞሉ ከኪስ አይለይ። ደረት ከተጨነቀ ማቆምና እሱን መውሰድ ነው፤ ካልተሻለው፣ አንድ ዐረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

በመጨረሻም ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አስም ያለበት አባል ከመቃብር ቁፋሮ አቧራና ከድግስ ጭስ ሲርቅ ቅጣት አይጻፍበት፤ በምትኩ በእግሩ ጥሪ ያድርስ፣ መዝገብ ይያዝ። የለቅሶ ቤት ምድጃ ከዳሱ ርቆ፣ ጭሱ ወደ ሰው በማይነፍስበት በኩል ይሠራ። ብቻውን መራመድ ለሚፈራም ጎረቤቱ ማለዳ ይጥራው፤ አብሮት ይሂድ።

የቀብር ዕለት ብዙ ሆነን እንሸኘዋለን፤ በሕይወቱ ሳለ አንድ ሰው አብሮት ቢራመድ ይበልጥበታል። ውሳኔው የእናንተ ነው።

ፈጣሪ ጤናውን ይስጠን።