ከመንገድ የተመለሰች እኅት፦ በአማርኛ የፍቅር ልብ ወለድ ታሪክ ላይ እንጦጦ ማርያም የቀረበ ዲስኩር

«ልብ ወለድ» የሚለው ስያሜ፣ ልብ ያፈለቀው እንጂ በእውን ያልተፈጸመ ታሪክ ማለት ሲሆን፣ በአማርኛ የሥነ ጽሑፍ መጠሪያ ሆኖ የቀረው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ካሳተሙት መጽሐፍ ርእስ ተወስዶ ነው። ይህ ዲስኩር ከልብ ወለድ ዘርፎች አንዱን ብቻ ይከተላል፤ እርሱም ከቤተሰቧ ተለይታ የኖረች ሴት ወደ ወላጆቿ ደጅ ስትመለስ የሚገጥማትን ፍቅርና ጋብቻ የሚተርከው ነው። እኅትማማቾች ወደ ትንሿ የትውልድ ከተማቸው የሚመለሱበት የፍቅር መጽሐፍ በአሜሪካ የራሱ ገበያና የራሱ አንባቢ ያለው ሲሆን፣ በአማርኛ ግን ተመላሿ ሴት ቦታዋን ለተመላሽ ወንድ ለቅቃ ትታያለች።

ስለ ጥንቱ ዘመን ብዙ ማለት አያስፈልግም። ንግሥተ ሳባ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዳ መመለሷንና በመንገድ ላይ ልጅ መውለዷን የሚናገረው ክብረ ነገሥት በየቤቱ የታወቀ ነው፤ የገድላቱም ነገር እንዲሁ።

የአፈወርቅ መጽሐፍ፣ በተለምዶ ስሙ «ጦቢያ»፣ ግን ቆም ተብሎ መታየት አለበት። በጦርነት ተማርኮ በአንድ ነጋዴ ቸርነት የተዋጀ የክርስቲያን ጦር አዛዥ መንታ ልጆች ነበሩት፤ ወንዱ ልጅ ዋሕድ የአባቱን ውለታ ለመመለስ ወጥቶ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ሲወድቅ፣ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር እርሱን ፍለጋ ትወጣለች፤ ታሪኩም በሠርግ ይፈጸማል። ብዙ ሐያስያን ይህን ስለ አገር አንድነት የተጻፈ ምሳሌ አድርገው ያነቡታል፤ የጀግናዪቱ ስም ራሱ ኢትዮጵያ ከሚለው ስም ጋር መዛመዱም ያግዛቸዋል። ምሳሌው አለ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የእኅት መንገድ መሆኑን ሊጋርድ አይገባም።

ኖርዌያዊው ሬይዱልፍ ሞልቬር በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሰፊ ጥናት፣ ከ1930 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ የተጻፉትን ልብ ወለዶች የኅብረተሰቡ ኑሮ ነጸብራቅ አድርገው መርምረዋል። የሥራቸው ጥልቀት የማይካድ ቢሆንም፣ ወሰኑ ከዚያ መጀመሩ ጦቢያን ከደጅ ያስቀራታል። ከዚያ የተነሳ አንባቢ በመጀመሪያ የሚያገኘው የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ሥራዎች፣ በተለይም በ1925 ዓ.ም. የታተመውን «አዲስ ዓለም»ን ነው፤ በዚህ መጽሐፍ ከተጉለት ተነሥቶ ፓሪስ የተማረው ዐወቀ ወደ ዘመዶቹ ተመልሶ በተዝካርና በጋብቻ ልማድ ላይ ይከራከራቸዋል። ከእርሱ በኋላ በ1941 ዓ.ም. የወጣው የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» ደግሞ ሌላ ከፈረንሳይ የተመለሰ ወጣት ያመጣል። ከነዚህ በመነሣት ወደ አገር ቤት የመመለስ ታሪክ የተማረ ወንድ ታሪክ ነው የሚል ድምዳሜ ሥር ሰዷል፤ ድምዳሜውን የሚደግፉትም በዚያ ዘመን ባሕር ተሻግራ ተምራ የተመለሰች ሴት ስላልነበረች ደራሲዎቹ ያላዩትን ሊጽፉ አይችሉም ነበር ይላሉ።

ይህ ትክክል አይደለም። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጆች ስንዱና የውብዳር በ1920ዎቹ መጀመሪያ ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው፣ «አዲስ ዓለም» በታተመበት ዘመን አካባቢ ተመልሰዋል። ታላቂቱ ወይዘሮ ስንዱ በጠላት ወረራ ጊዜ በአርበኝነት ተሰልፈው፣ በኢጣልያ ታስረው፣ ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆነው፣ በ1942 ዓ.ም. ተውኔትና ግጥም የያዘውን «የልቤ መጽሐፍ»ን አሳትመዋል። ታናሺቱ በኋላ እማሆይ ጽጌ ማርያም የተባሉት የፒያኖ ደራሲ ናቸው፤ ከድርሰቶቻቸውም አንዱ ርእሱ የአገር ቤት ናፍቆት ነው። ስለዚህ ተመላሽ እኅትማማቾች በዓይን ይታዩ ነበር፤ ልብ ወለዱ ግን ወደ እነርሱ ዘወር አላለም።

የዚህ ዲስኩር አቅራቢ «የልቤ መጽሐፍ»ን በአንድ ቤተ መጻሕፍት ደጋግሞ ጠይቆ፣ ከሥነ ጽሑፍ መደርደሪያ ሳይሆን ከትምህርት ቤት መማሪያዎች ጋር ተከማችቶ አግኝቶታል፤ ያስረከበው ሠራተኛም «እሱ እኮ የተማሪዎች ቴአትር ነው» ብሎ ነበር። የሴት ደራሲ ሥራ እንዲህ ከቦታው ሲነሣ የታሪክ ጸሐፊውም ስለማያገኘው የለም ብሎ ይጽፋል፤ ይህ ጥፋት እስከ ዛሬ አለመታረሙ እጅግ ያሳዝናል።

ሌላ ትዝታም ለክርክሩ ይጠቅማል። ከዚህ ኮረብታ ግርጌ፣ ሽሮ ሜዳ ከሸማ ሻጮች መካከል፣ አቅራቢው በአንድ የበዓል ዋዜማ ሁለት እኅትማማቾች ለአባታቸው ጋቢ ሲገዙ ተመልክቷል። ታላቂቱ ጋቢውን ዘርግታ ጠርዙን በሁለት ጣቷ ፈልቅቃ አራት ድርብ መሆኑን ስትቆጥር፣ ታናሺቱ «እትዬ፣ አባባን አይከብደውም?» አለቻት፤ ታላቂቱም «የደብረ ብርሃንን ብርድ ረሳሽው እንዴ?» ብላ አጥፋ ወደ ዘንቢሉ ከተተችው። እኅትማማቾቹ ጋቢውን ይዘው ወደ አባታቸው የሚሄዱበት እንዲህ ያለው ጉዞ በአማርኛ «ጥየቃ» ይባላል፤ ዘመድን ለማየትና ደኅንነቱን ለመጠየቅ የሚደረግ ጉዞ ማለት ነው፤ ባዶ እጅ አይኬድበትም።

እንግዲህ እስካሁን የተባለው ቢጠቃለል፣ የአማርኛ ልብ ወለድ በእኅት መንገድ ጀመረ፤ ከሩብ ምዕት ዓመት በኋላ መንገዱን የተማረ ወንድ ተረከበው፤ ይህም የሆነው ተመላሽ ሴት ጠፍታ ሳይሆን፣ ደራሲዎቹ ከተመላሽ የሚሹት ነገር ስለ ተለወጠ ነው። ዐወቀ የሚመለሰው ቤቱን ሊያርም ነው። የጥየቃ ተመላሽ ግን ቤቱ እንዴት እንደ ከረመ ልትጠይቅ ትመጣለች፤ በዚያውም ማን እንዳገባ፣ ማን እንደ ሞተ፣ እርሷን ማን እንደ ጠበቃት ትሰማለች። የፍቅር ልብ ወለድ የሚያስፈልገው ይህን የመሰለ ደጅ ሆኖ ሳለ፣ የዚያ ዘመን ደራሲዎች ትምህርትንና ሥልጣኔን ለማስፋፋት ከነበራቸው ጉጉት የተነሣ ክርክሩን መርጠዋል። ሞልቬር ያዩት መስታወትም የሚያሳየው ኅብረተሰቡን ብቻ አይደለም፤ ደራሲዎቹ ኅብረተሰቡን ለማረም የነበራቸውን ምኞትም ነው።

የተመደበው ሰዓት እያለቀ በመሆኑ ቀሪው በአጭሩ ይነገራል። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሰብለ ወንጌል እንደ ጦቢያ ማንነቷን በልብስ ሰውራ ከጎጃም ትወጣለች፤ ወደ አባቷ ቤት ግን አትመለስም። የደርግ ዘመን ልብ ወለዶች፣ የአዳም ረታ ሥራዎች፣ የጸሐይ መላኩ «ቋሳ» እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ዲስኩር ይሻሉ። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከተመለሱት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን መካከል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት ሴቶች ሲሆኑ፣ የእነርሱ መመለስ ለደራሲዎች ገና ሰፊ መስክ ነው።

ዲስኩሩ በእንጦጦ ማርያም ስለ ቀረበ አንድ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። እቴጌ ጣይቱ ብጡል ከሥልጣን ከተገለሉ በኋላ በዚሁ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይኖሩ ነበር፤ በኅዳር 1910 ዓ.ም. ቀሪ ዘመናቸውን ጎንደር ሄደው ለመፈጸም ፈቃድ ጠየቁ፤ አልተፈቀደላቸውም፤ በየካቲት ወር እዚሁ ዐረፉ።