ግጥምና ሥዕል በአንድ ግድግዳ ላይ
(በተማሪዎች የሥነ ጽሑፍ ምሽት የተነገረ)



በመጪው ወር ልናሳየው ላሰብነው የሥዕል ትርኢት፥ በእያንዳንዱ ሥዕል ሥር አንድ ግጥም ይለጠፍ የሚል አሳብ ቀርቧል፡፡ አሳቡ ሲነሣ መጀመሪያ ያጨበጨብሁት እኔ ነበርሁ፡፡ ዛሬ የቆምሁት ግን «ሥር» የምትለዋን ቃል ለመቃወም ነው፡፡

ከራሴ ጥፋት ልጀምር፡፡ አምና አንድ ሠዓሊ ጓደኛዬ፥ ከእንጦጦ በሽሮ ሜዳ በኩል እንጨት ተሸክመው ከሚወርዱት ሴቶች አንዷን ሣለ፡፡ ጉለሌ የኖረ ሁሉ ያንን መንገድ ያውቀዋል፡፡ የሴትዮዋ ፊት አይታይም፤ ያለው የጎበጠ ጀርባና ወዲያና ወዲህ የተዘረጋ የባሕር ዛፍ ሸክም ብቻ ነው፡፡ እኔም ግጥም ጻፍሁለት፡፡ ዕንባ ጨመርሁ፥ የደረቀ ከንፈር ጨመርሁ፥ በመጨረሻም ቤት የሚጠብቅ የራበው ሕፃን አመጣሁ፡፡ ጓደኛዬ አንብቦ ሲያበቃ «እኔ ሆን ብዬ የተውሁትን ፊት አንተ ሣልህብኝ» አለኝ፡፡ ተቀየምሁ፡፡ ኋላ ግን ግጥሙን የሰሙ ሰዎች ወደ ሥዕሉ ሲመለሱ፥ ሸክሙን ትተው የእኔን ሕፃን ሲፈልጉ አየሁ፡፡

ሁለቱን ጥበባት ማገናኘት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፡፡ መልክዐ ማርያምን የደገመ ያውቀዋል፡፡ «መልክእ» ማለት ምስል ማለት ነውና፥ ደራሲው ከራስ ፀጉር ጀምሮ እስከ እግር ጥፍር እያንዳንዱን የአካል ክፍል በሰላምታ እየጠራ ይወርዳል፤ ብሩሽ ሳይነካ ይሥላል፡፡ በብራናው ተአምረ ማርያምም ሥዕሉና ጽሑፉ አብረው ይሄዳሉ፡፡ በባሕር ማዶም እንግሊዛዊው ዊልያም ብሌክ ግጥሙንና ሥዕሉን በአንድ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ይሠራ ነበር፡፡

ከሁሉ የሚቀርበን ግን ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው፡፡ አባቱ አለቃ ደስታ የሃይማኖት መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ነበር፡፡ ልጁ በጀርመን አገር ኮሎኝ ከተማ ተምሮ ተመለሰ፥ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፥ እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ፥ በ1981 በስደት አሜሪካ ሞተ፡፡ ሥዕሎቹን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ በስሙ የተሰየመው ሙዚየም እዚሁ ስድስት ኪሎ ነው፡፡ ግጥሞቹም «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርእስ ታትመዋል፡፡

ባለፈው ሳምንት መጽሐፉን ይዤ ሄጄ፥ የትኛው ግጥም ለየትኛው ሥዕል እንደሚሆን ላጣምር ሞከርሁ፡፡ አልሆነልኝም፡፡ ሰውየው ሁለቱን ሙያ በአንድ እጅ ይዞ ሳለ፥ አንዱን የሌላው አስተርጓሚ አላደረገውም፡፡ በግጥም አገሩን ሲወድ አፉን ሞልቶ ይናገራል፤ በሸራው ላይ ግን ብዙ ጊዜ ቀለምና ቅርጽ ብቻ ትቶልን ይሄዳል፡፡ ይሁን እንጂ «የጠፈር ባይተዋር»ን አንብቤ ቀና ስል፥ ቀድሞ ጌጥ የመሰለኝ ባዶ ቦታ ባዶነቱ ተሰማኝ፡፡ ግጥሙ ስለ ሥዕሉ አንዲት ቃል ሳይናገር ዓይኔን ለወጠው፡፡

ስለዚህ ግጥሙ ከሥዕሉ ሥር ሳይሆን ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ይሰቀል እላለሁ፡፡ ተመልካቹ ዞር ብሎ ያንብብ፥ ተመልሶም ይይ፡፡ ሠዓሊዎቹም በተራቸው ግጥም ተቀብለው ይሣሉ፤ እስካሁን ሥራውን የጫንነው በገጣሚዎች ላይ ብቻ ነው፡፡ (ሠዓሊዎቻችን ግጥም አናነብም ቢሉ አትመኗቸው፤ ደብቀው ያነባሉ፡፡)

የአምናውን ግጥም ቀድጄዋለሁ፡፡ አዲሱ ስድስት ስንኝ ነው፤ ሸክሙ ስለታሠረበት ገመድ ብቻ ይናገራል፡፡ ጓደኛዬ ገና አላነበበውም፡፡ ከኋላ ወንበር ተቀምጧልና፥ ብትፈቅዱልኝ ወረቀቱን ልስጠውና ወደ ውይይቱ እንግባ፡፡