ሐኪም ስለ ብረት ጋን ምን አገባት?



ዛሬ ስለ ብረት ጋን ላወራ ነው፤ ኢንጂነሮቹ ታገሡኝ። በአንድ ሆስፒታል ለኦክስጅን ማምረቻው ሁለተኛ ኮምፕሬሰር ተጨመረለት። ከአየሩ ውሃ የሚለየው ጋን ግን ያው አሮጌው ነው። ከወራት በኋላ 93 በመቶ ገደማ መሆን የነበረበት ኦክስጅን ወደ 80 ወረደ። እርጥበቱ ናይትሮጅን የሚይዘውን ዚኦላይት አበላሽቶት ነበር። የጨቅላ ሕፃናት ክፍላችን ሲሊንደር ሲለምን ሰነበተ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ አየሩ በጋኑ ውስጥ ቀስ ብሎ ሽቅብ ከወጣ የውሃው ጠብታ ይወርዳል፤ ከፈጠነ ግን ይዞት ይሄዳል። ወሰኑን የሚነግረን ሳውደርስና ብራውን በ1934 እ.ኤ.አ. ያወጡት ቀመር ነው። በ7 ባር ግፊት፣ ከላይ የሽቦ መረብ ላለው ቋሚ ጋን፣ በሴኮንድ 1 ሜትር ገደማ ይሆናል። በደቂቃ 10 ሜትር ኩብ አየር ለሚስብ ኮምፕሬሰር 16 ሳንቲ ሜትር ዲያሜትር ይበቃል። አየሩ እጥፍ ሲሆን 23 ይፈልጋል። ልዩነቱ እኮ 7 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የጣት ርዝመት! (ቁመቱና የውሃ ማስወጫው ሌላ ጣጣ ነው፤ ለእናንተ ትቼዋለሁ።)

እዚህ ያላችሁ የኬሚካልና የሜካኒካል ምሩቃን፣ ሆስፒታል ኮምፕሬሰር ሲጨምር ጋኑንም የሚያሰላለት ሰው ያስፈልገዋል። ከምሳ በኋላ በሩ ላይ ደብተር ይዤ እቆማለሁ፤ ስማችሁንና ስልካችሁን ጻፉልኝ።