በልጆች መጫወቻ ጀልባ ውስጥ ያለው የሞባይል ባትሪ

የዛሬው የጤና ትምህርታችን ልጆች ለመጫወቻ ስለሚጠቀሙበት የሞባይል ባትሪ ነው።

እዚህ ካኩማ ብዙዎቹ ልጆቻችን መጫወቻቸውን ራሳቸው ነው የሚሠሩት። በቦኖው ሥር ውሃ ሲጠራቀም የሃይላንድ ፕላስቲክ ሰንጥቀው ጀልባ ያደርጉታል፤ ከተበላሸ ቴፕ ሞተር፣ ከተጣለ ሞባይል ደግሞ ባትሪ ያወጣሉ። ብልሃታቸው ያስደንቃል። አደጋው ያለው ባትሪው ላይ ነው።

ይህ ባትሪ ሊቲየም-አዮን ይባላል። ትንሽ ቢመስልም ብዙ ኃይል ይዟል፤ በውስጡ ያለው ፈሳሽም በቀላሉ ይቀጣጠላል። ከአደጋ የሚጠብቀው ትንሽ መከላከያ አለው፤ ልጆች ግን ሽቦ ለማሰር ሲሉ ይነቅሉታል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ጫፎች በሚስማር ወይም በሳንቲም ከተገናኙ ባትሪው ወዲያው ይግላል፤ ሊቀጣጠልም ይችላል።

በቅርቡ አንድ የ11 ዓመት ልጅ ጭኑ ተቃጥሎ ወደ እኔ መጣ። ከጀልባው ያወጣውን ባትሪ ከሚስማር ጋር ኪሱ ከትቶት ነበር። ቃጠሎው ሦስት ቀን ሆኖት መግል ይዟል። «ለምን ዘገየህ?» ስለው «እማዬ ትገርፈኛለች ብዬ ደበቅሁ፤ የጥርስ ሳሙና ቀባሁበት» አለኝ። ውድ ወላጆች፣ ቃጠሎውን ያባሰው ፍርሃቱ ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን ልብ በሉ፦

1. ያበጠ፣ የተቀደደ ወይም ውሃ የገባበት ባትሪ አትውጉ፤ ቻርጅ አታድርጉ፤ እሳት ውስጥ አትጣሉ። ደረቅ አሸዋ ባለበት ክፍት ጣሳ አድርጋችሁ ከቤት ውጭ፣ ልጆች ከማይደርሱበት አኑሩት።

2. የሞባይል ባትሪ ከሶላር ወይም ከመኪና ባትሪ ጋር በቀጥታ አታገናኙ። የመኪና ባትሪ 12 ቮልት ነው፤ የሞባይሉ የሚችለው ግን 4 ቮልት ገደማ ብቻ ነው።

3. ባትሪ መጨስ ከጀመረ ልጆችን ቶሎ አርቁ። ጢሱ መርዝ ነው።

4. ሰው ከተቃጠለ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት። ውሃ በወረፋ እንደሚገኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ለዚህ አትሰስቱ። ቅቤ፣ ቡና፣ ጭቃ ወይም የጥርስ ሳሙና አትቀቡ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ በዚያው ቀን ወደ ክሊኒክ ውሰዱት።

ጀልባውንስ ምን እናድርገው? አትስበሩባቸው። ሁለት ተራ የባትሪ ድንጋይ ተቀጣጥሎ 3 ቮልት ይሰጣል፤ ትንሿን የቴፕ ሞተር ለማዞር ይበቃል፤ አደጋውም እጅግ ያነሰ ነው።

ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ጠርታችሁ «የሞባይል ባትሪ ያለው ይስጠኝ፤ አልቆጣም» በሏቸው። ቃላችሁንም ጠብቁ። የተቃጠለ ልጅ ሳይፈራ ወደ እናቱ ከሮጠ ግማሹን ሕክምና አገኘ ማለት ነው።

ለዛሬ በዚሁ ይብቃን። ሳምንት እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።