ልጆቹ ትምህርት እስኪጨርሱ

(በሐረር ለተሰበሰቡ ምእመናንና የፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



በዛሬው ስብሰባ እንድንናገርበት የተሰጠን ጉዳይ በብዙ ቤት ማታ ማታ የሚነሣ፣ በጉባኤ ፊት ግን እምብዛም የማይነገር ነው። ይኸውም ከአገር ቤታቸው ርቀው የሚኖሩ ወላጆች ልባቸው ወደ አገራቸው እየተሳበ «ልጆቹ ትምህርታቸውን ይጨርሱና እንሄዳለን» በማለት ዓመታትን የሚያሳልፉበት ኑሮ ነው። እኛም ባልና ሚስት ከእነዚሁ ወላጆች ወገን ስለሆንን የምንናገረው ከሩቅ ሆነን አይደለም።

እኛ የወላይታ ሰዎች ነን። በ1999 ዓ.ም. ወደ ሐረር ስንመጣ የበኩር ልጃችን ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። የመጣነው ለሦስት ዓመት ሥራ ነው። ሦስቱ ዓመት ሲያልቅ ልጁ ፊደል ቆጥሮ ጨርሷል፤ ቀጥሎም ሁለቱ እኅቶቹ እዚሁ ተወለዱ። ከሐረር እስከ ሶዶ ያለው መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ይፈጃል። በመስከረም የጊፋታ ሰሞን ሲደርስ በቤታችን ዝምታ ይሆናል። ዳጣውን ከዚህ ገበያ በተገኘው ቃሪያ አዘጋጅተን እንበላለን፤ ነገር ግን የዳሞታን ተራራ ማለዳ ደጃፍ ላይ ቆሞ የማየትን ነገር ከየትም ገበያ ልንገዛው አልቻልንም።

የምንኖረው በጁገል ውስጥ በኪራይ ቤት ነው። ባለቤቶቹ ሐረሪዎች ናቸው። ከመካከላችሁ ሸምገል ያላችሁት እንደምታስታውሱት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ ጥቂት ቆይቶም የኦጋዴን ጦርነት መጣ። በዚያ ዘመን ብዙ የሐረሪ ቤተሰቦች ከአገር ወጡ፤ አንዳንዶቹ በጅቡቲ፣ አንዳንዶቹ በሳዑዲ ዓረቢያና በግብፅ አድርገው በመጨረሻ ወደ ካናዳ፣ ወደ አሜሪካና ወደ አውስትራሊያ ደረሱ። የእኛም ባለቤቶች በቶሮንቶ ከተማ ሰፈሩ። ለእኛ ያከራዩን ከግቢው በስተኋላ ያሉትን ክፍሎች ነው። ግድር ጋር የሚባለው ትልቁ ክፍል አልተከራየም። መደቦቹ ከነምንጣፋቸው፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሰሐኖችና ስፌቶችም እንደነበሩ አሉ። የባለቤቱ እኅት፣ እኛ አዴ የምንላቸው፣ በየሳምንቱ ከፍተው ይጠርጋሉ፤ አቧራውን አራግፈው መልሰው ይቆልፋሉ።

እንግዲህ አስቡት። እኛ ሶዶን እየናፈቅን በእነርሱ ግቢ እንኖራለን፤ እነርሱ ይህንኑ ግቢ እየናፈቁ በቶሮንቶ ይኖራሉ። በሁለቱም ወገን የሚነገረው ቃል ግን አንድ ነው፤ ልጆቹ ይጨርሱ።

አዴ እንደነገሩን ወንድማቸው ይህን ቃል መናገር የጀመሩት ልጆቻቸው አንደኛ ደረጃ ሳሉ ነው። በዚያን ጊዜ በቶሮንቶ የሚገኝበት የኦንታሪዮ ክፍለ አገር ዩኒቨርሲቲ ለሚገቡ ተማሪዎች ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በላይ አንድ ተጨማሪ ዓመት ነበረው፤ የቀረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ልጆቹ ያንን ጨረሱ። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገቡና «ዲግሪውን ይያዙ» ተባለ። ከዚያ ሥራ ያዙ፣ ትዳር መሠረቱ፣ ወለዱ። አሁን ወንድማቸው የሚጠብቁት የልጅ ልጆች ትምህርት እስኪጨርሱ ነው፤ እናታቸው ሥራ ስለምትውል ከትምህርት ቤት የሚያመላልሱ እርሳቸው ናቸውና። የሸዋል ዒድ በዓል ከካናዳ የትምህርት ዕረፍት ጋር በገጠመበት ዓመት ሁሉም አንድ ላይ መጥተው ግድር ጋር ተከፈተ። ሕፃናቱ በመደቦቹ ላይ ሲዘሉ ሽማግሌው ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ይመለከቱ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ክፍሉ ተቆለፈ።

ሐረር እንዲህ ያለውን የእንግዳ ናፍቆት ከድሮ ጀምራ ታውቀዋለች። ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ በንግድ ሥራ ወደዚህ ከተማ መጣ። (ዛሬ በጁገል በስሙ የሚጠራው ትልቅ ቤት ከእርሱ በኋላ የተሠራ ነው፤ ጎብኚዎች ግን ይህን ሲሰሙ ደስ አይላቸውም።) በ1883 ከሐረር ለቤተሰቦቹ በጻፈው ደብዳቤ ቢያንስ አንድ ወንድ ልጅ ወልዶ፣ በጥሩ ትምህርት አሳድጎ፣ መሐንዲስ ሆኖ ለማየት ያለውን ምኞት ገልጦ ነበር። ልጁ አልተወለደም። ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1891 ጉልበቱ አብጦ በቃሬዛ ወደ ዘይላ ወደብ ተወሰደ፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በማርሴይ ከተማ ሞተ። ልጅ የሌለው ሰው እንኳ ከአገር ርቆ መኖሩን በልጅ ትምህርት ሊያስታርቀው መመኘቱ ያስገርመናል።

ከእርሱም በኋላ ብዙዎች መጥተው ሄደዋል። ከዚህ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ሐረማያ፣ በ1950 ዓ.ም. በተመረቀው የእርሻ ኮሌጅ፣ ከኦክላሆማ የመጡ አሜሪካውያን መምህራን ከነቤተሰባቸው ኖረዋል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ያስተማሩትን የህንድ መምህራን ከመካከላችን ፀጉራቸው የሸበተ ሁሉ ያስታውሷቸዋል፤ የሒሳብ ቁጣቸውን ጭምር። በደደርና በበደኖም የሜኖናይት ሚስዮን ሠራተኞች በሕክምናና በትምህርት አገልግለዋል። በጠቅላላው የሚስዮናውያን ልጆች ነገር እንደ እኛ አልነበረም። እነዚያ ወላጆች በሥራቸው ጸንተው እንዲቆዩ ልጆቹ ገና በሕፃንነታቸው ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ይላኩ ነበር። ለዚሁ አገልግሎት ከተቋቋሙት አንዱ የሱዳን ኢንቲርየር ሚሽን እ.ኤ.አ. በ1946 በአዲስ አበባ የከፈተው ቢንግሃም አካዳሚ ነው። በእነርሱ ዘንድ ልጅ ከወላጁ ተለየ፤ በእኛ ዘንድ ወላጅ ከአገሩ ተለየ። የትኛው ዋጋ ይበልጣል ብሎ ለመመዘን አንደፍርም።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በህንድ አገር የሚኖሩ አሜሪካውያንን ያጠኑት ጆንና ሩት ዩሲም በእንዲህ ያለ ኑሮ ያደጉትን ልጆች «የሦስተኛ ባህል ልጆች» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል። የወላጆቻቸውን አገር ሙሉ በሙሉ የእኛ አይሉትም፤ ያደጉበትንም ሙሉ በሙሉ የእኛ ነው እንዲሉ አይፈቀድላቸውም። ይህ የነጮች ልጆች ጉዳይ ብቻ ከመሰላችሁ የራሳችንን ቤት እንንገራችሁ።

የበኩር ልጃችን የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና የተፈተነው በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. ነው። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ የተሰጠበት፣ ከተፈተኑትም ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ የነበሩበት ዘመን ነው። «ልጁ ይጨርስ» ብለን የቆጠርነው ዓመት በአንድ ቀን ውጤት ተራዘመ። ልጁ በማሻሻያ ትምህርት ገብቶ ደግሞ አለፈ። እንግዲህ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአጠገቡ ላለመራቅ የጠበቅነው ልጅ ቀጥሎ የሚማርበትን ቦታ የወሰነው የምደባ ዝርዝር ነው። የተመደበውም ወደ ወላይታ ሶዶ ነው።

ስንሰማ እልል አልን። አያቱ በዚያ አሉ፤ የአጎቶቹ ልጆች በዚያ አሉ። በመጀመሪያው ወር ስልክ ሲደውል «እንዴት ነው አገርህ?» አልነው። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «አገሬማ ናፈቀኝ» አለን። የናፈቀው ሐረር ነው። ከመኪና ግርግር መንገድ የሚሰማውን የልብስ ስፌት መኪና ድምፅ፣ ማታ በፈረስ መጋላ የሚሸጠውን ፈጢራ፣ ከአዴ ልጆች ጋር የሚጫወተውን ኳስ ቈጠረልን። ወላይትኛን ይሰማል፤ ሲናገር ግን የሠፈር ልጆች ይስቁበታል። አያቱ ራሳቸው «የሐረሩ እንግዳ» ይሉታል፤ በፍቅር ነው የሚሉት፤ ቢሆንም እንግዳ ነው። እኛ ሐረር ላይ ሆነን ስለ ሶዶ የምናስበውን እርሱ ሶዶ ላይ ሆኖ ስለ ሐረር ያስባል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን «ወደ አገራችን እንመለሳለን» የሚለውን ቃል ስንናገር እንጠነቀቃለን። የምንመለሰው እኛ ሁለታችን ነን። ሴቶቹ ልጆች ግን ከአገራቸው ይወጣሉ። በመካከልም ብናስነሣቸው በወላይታ የታችኛ ክፍል ትምህርት በወላይትኛ ነው፤ እነርሱ እዚህ በአማርኛ ጀምረዋል። የትምህርት ቋንቋ ከክልል ወደ ክልል በሚለያይበት አገር የሠራተኛ ዝውውር የወላጅ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ መጠበቁን አንነቅፍም። እኛም እየጠበቅን ነው። ነገር ግን በየቤቱ «እዚህ የቀረሁት በአንተ ምክንያት ነው» ሲባል እንሰማለን። ልጅ ይህን ዕዳ አልተበደረም፤ ሊከፍለውም አይችልም። ውጤቱ ዝቅ ሲል የአባቱን ዕድሜ ያባከነ ይመስለዋል። ነቢዩ ኤርምያስ በባቢሎን ወደ ነበሩት ምርኮኞች የላከውን ደብዳቤ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ብዙ ጊዜ የሚሰበክልን ቤት ስለ መሥራትና አትክልት ስለ መትከል ያለው ነው። እኛን የሚያስደንቀን ግን ዘመኑን ሳይሸሽግ ሰባ ዓመት ብሎ መንገሩ ነው። ደብዳቤው ሲነበብ በዚያ ከቆሙት ጎልማሶች ብዙዎቹ እንደማይመለሱ ያን ጊዜውኑ አወቁ። ቢከፋቸውም ልጆቻቸውን ለየትኛው ኑሮ እንደሚያሳድጉ ለይተው ያዙ።

በውጭ አገር ላሉ ዘመዶቻችሁ ስትጽፉም ይህን አስታውሷቸው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን ያለ ቪዛ እንዲገቡ፣ እንዲኖሩና እንዲሠሩ ይፈቅዳል፤ ከወላጆቻቸው፣ ከአያቶቻቸው ወይም ከቅድመ አያቶቻቸው አንዱ ኢትዮጵያዊ ለነበረም ሁሉ ይሠራል። መምረጥና መመረጥ አይችሉም እንጂ በሩ ለልጆቻቸው አልተዘጋም። «አሁን ካልወሰድኳቸው አገራቸውን ያጣሉ» የሚለው ፍርሃት ብዙ ቤት አናግቷል፤ ልጁ በሠላሳ ዓመቱም በራሱ ፈቃድ ሊመጣ ይችላል።

የማይጠብቀው ሌላ ነው። ሶዶ ያሉት እናታችን ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። ወደ ሐረር እንዲመጡ ለምነናቸው ነበር፤ «ባሌ የተቀበረበትን ትቼ?» አሉን። የመጨረሻዋ ልጃችን ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ሁሉ ቢሳካ ሦስት ዓመት ይቀራታል። ሦስቱን ዓመት እናታችን ይቆዩልናል ብለን ልንፈርም አንችልም። በሶዶ ቤት ለመሥራት በየወሩ የምናስቀምጠው ገንዘብ ነበረን። እርሱን ለመንገድ ማውጣት ጀምረናል። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ከሁለታችን አንዳችን ሴቶቹን ይዘን እንሄዳለን፤ ክረምቱን ከእናታችን ጋር ከርመን ለመስከረም እንመለሳለን። ቤቱ ሳይሠራ ቢቀር ይቅር ብለናል። ዘመዶቻችን በዚህ አልተደሰቱም፤ በከተማው ቦታ ይዞ ቤት አለመሥራት እንደ ስንፍና ይቆጠራልና።

ለማኅበረ ምእመናን የምንለው አንድ ነገር አለ። ከሌላ አገር መጥተው በመካከላችሁ ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመት የኖሩትን «ነገ የሚሄዱ ናቸው» ብላችሁ ከኮሚቴና ከአገልግሎት አትተዉአቸው። እኛ የሠፈር ዕድር የገባነው በመጣን በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ያስመዘገቡን ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች ናቸው።

ለፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ደግሞ አንድ ጥያቄ እናቀርባለን። የዝውውር ደብዳቤ በጥር ወር የሚደርሰው ወላጅ ልጁን ከመንፈቅ ትምህርት ሊያስነሣ ወይም ቤተሰቡን ለሁለት ሊከፍል ይገደዳል። ደብዳቤው እስከ ግንቦት መጨረሻ ቢወጣ፣ ሠራተኛውም ከሐምሌ በፊት እንዲነሣ ባይጠየቅ፣ ጽሕፈት ቤቱን የሚያወጣው ተጨማሪ ገንዘብ የለም። የስምንተኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ልጅ ያለው ሠራተኛም በዚያ ዓመት ከዝውውር ቢታለፍ መልካም ነው። ይህንኑ በጽሑፍ አዘጋጅተን ይዘነዋል፤ መፈረም የምትፈልጉ ወላጆች ከስብሰባው በኋላ በበሩ አጠገብ ታገኙናላችሁ።