የሰው ደብዳቤ ስታነቡ

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አክብሮት ነው።

«አክብሮት ምን ትምህርት ያስፈልገዋል? ከእናት ከአባታችን ተምረነዋል» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ታላቅ ሰው ሲመጣ ብድግ ማለትን፣ ዕቃ በሁለት እጅ መቀበልን፣ እጅ ስናስታጥብ ከታላቅ መጀመርን ፊደል ሳንቆጥር ነው ያወቅነው። ፊደል ደግሞ ሌላ ነገር ያሳየናል። እስቲ «አንተ» ብላችሁ ጻፉ። ከሥሩ «አንቱ» ብላችሁ ጻፉ። የተለወጠው የመጨረሻው ፊደል ብቻ ነው። «ተ» ከጎኑ አንዲት ትንሽ ጭረት ጨምሮ «ቱ» ሆነ። ያቺን ጭረት የረሳ ሰው ታላቁን እንደ እኩያው ጠራ ማለት ነው።

ግን ነገሩ በጭረት ብቻ አያልቅም። እናታችንን «አንቺ» የምንላት ንቀናት አይደለም። ፈጣሪንም ስንለምን «አንተ» ነው የምንለው። «እርስዎ» እያለ ሰው የሚያዋርድም አለ። ከነዚህ አንዱ እኔ ነበርኩ።

ቀን ቀን ሕፃናትን አስተምራለሁ፤ ማታ ጎልማሶችን። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ማታ፣ አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ወረቀት ፈትተው ሰጡኝ። ልጃቸው ከከተማ በሰው እጅ የላከው ደብዳቤ ነው። «እስቲ አንብብልኝ ልጄ» አሉኝ። እኔም «እሺ እማማ፣ ይቀመጡ» ብዬ፣ እዚያው ሰሌዳው ፊት ቆሜ፣ ለሕፃናት ማንበብ እንደለመድኩት ድምፄን ከፍ አድርጌ ጀመርኩ። ሰላምታው አለፈ። ቀጥሎ «ከጋሼ የተበደርኩት ገንዘብ በሙሉ ጠፍቶብኛል፤ አደራሽን ለጊዜው እንዳትነግሪ» ይላል። ዓይኔ ሳያይልኝ አፌ አነበበው። «ጋሼ» የተባሉት የእኚያ እናት ወንድም ናቸው። ሦስተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ደብተር ይዘው ተቀምጠው ነበር።

ማንም አልተናገረም። ወንድምየው ደብተራቸውን አጠፉና ወጡ። እናትየውም ወረቀቱን ተቀብለውኝ፣ መልሰው ቋጥረው ሄዱ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አልመጡም።

ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ለመንኳቸው። ቡና አፍልተው አጠጡኝ፤ ስለ ደብዳቤው አንድም ቃል አላነሱም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በመምህራን ማሠልጠኛ ብዙ ተምሬአለሁ፤ የሰው ደብዳቤ በሰው ፊት እንደማይነበብ ለማወቅ ግን ማሠልጠኛ አያስፈልግም።

ይህን የምነግራችሁ አሁን እናንተም ማንበብ ስለቻላችሁ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ሲጀመር፣ በብዙ የገጠር መንደር ማንበብ የሚችል ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ደብዳቤ የመጣለት ሰው ምስጢሩን ይዞ ወደ ቄሱ ወይም ወደ ተማሪ ልጅ ይሄድ ነበር። ዛሬ ደብዳቤው ስልክ ውስጥ ገባ እንጂ ነገሩ አልቀረም። ልጇ ዐረብ አገር ያለች ጎረቤት መልእክቱን ይዛ እናንተ ደጅ ትመጣለች።

መጀመሪያ «ብቻችንን እንሁን?» ብላችሁ ጠይቋት። እንደተጻፈው አንብቡላት፤ የሚያስከፋ ቃል ቢኖርም አትዝለሉ፣ ከራሳችሁም አትጨምሩ። ልጅቷ ፊደል ብትሳሳት አትሳቁ፤ እኛም ትናንት «ሀ» ላይ ነበርን። የገንዘብ ነገር ከሆነ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አንብቡት። ከዚያ ስልኩን መልሱላት፤ ሌላውን መልእክት አትጎርጉሩ። ሰው መጥቶ «ምን አለች ልጅቷ?» ቢላችሁ «እናቷን ጠይቅ» በሉት። ይህኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ ወሬ ይጣፍጣላ!

እኚያ እናት በሦስተኛው ሳምንት ተመልሰው መጡ። ወንድማቸውም መጥተው ከጎናቸው ተቀመጡ። በመካከላቸው ምን እንደተባለ አልሰማሁም። በዓመቱ ልጃቸው ሌላ ደብዳቤ ላከ። ይህን ለእኔ አልሰጡኝም። ወደ መስኮቱ ዞር ብለው፣ ጣታቸውን ከየቃሉ ሥር እያስኬዱ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ብዙ ቆይተው አነበቡት። አንድ ቦታ ላይ ፈገግ አሉ። ከዚያ አጣጥፈው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። እኔም ሰሌዳውን ማጥፋቴን ቀጠልኩ።