ያልተለቀሰ ሐዘንና የአእምሮ ጤና አገልግሎት



በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቅ ከተጐዱት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ክፍላተ ሀገር ከ500 ሺህ በላይ ሕዝብ ወደ ሠፈራ ጣቢያዎች ሲጓጓዝ፣ ብዙዎች ለሙታናቸው ለቅሶ ሳይቀመጡ፣ ተዝካር ወይም ሰደቃ ሳያወጡ ሠፍረዋል።

እንዲህ ያለ ሐዘንተኛ ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ «አእምሮዬ ታመመ» አይልም፤ «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤን ይጨንቀኛል፣ እንቅልፍ አጣሁ» ይላል። የራስ ምታት ክኒን ብቻ ተሰጥቶት ቢሰናበት ሕመሙ አብሮት ይመለሳል።

ስለዚህ የጤና ሠራተኛው ማንን እንዳጣና ሐዘኑን እንዴት እንደተወጣ አስቀድሞ ይጠይቅ። ጸበል ወይም ዱዓ የሚሻውን አይንቀፍ፤ የታዘዘለት መድኃኒት እንዳይቋረጥ ግን ከካህኑና ከሼኹ ጋር ይመካከር። ትምህርቱም በእድርና በቡና ላይ፣ በሕዝቡ በራሱ አነጋገር ይሰጥ።

ዛሬም በየተፈናቃዮች መጠለያ ለቅሶ የሚቀመጡበት ዳስ መጣል የእርዳታው ሥራ አንዱ ክፍል ሊሆን ይገባዋል።